ያልተተከለው ድንኳን

አንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ አናድርም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባሌ ገርበን አልተቃወመም፣ አልደገፈምም። አርባ ዓመት አናጢ የነበረ ሰው ነው፤ አናጢ ሲለካ አያወራም፣ እሱ ደግሞ ነጋ ጠባ አንድ ነገር እየለካ ነው።

ቤታችን ካምፐር ነው። አልጋ ከኋላ፣ ምድጃ ከመሀል፣ መሪ ከፊት ያለው መኪና። ሆላንድ ውስጥ፣ ፍሪስላንድ ያለውን ቤታችንን ሸጠን ከገባንበት አሥራ አራት ወር ሆነን። የሚያየን ሁሉ "እንዴት ያለ ነፃነት ነው" ይለናል። ነፃነቱ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሱሪ ሲያጠልቅ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት አለበት። ድንች ከቀቀልኩ መስኮቱ ሁሉ ያልበዋል፣ ጠዋት ሹራባችን እርጥብ ሆኖ ይጠብቀናል። የመጸዳጃው ሣጥን በሁለት በሦስት ቀን ይሞላል፤ ሲሞላ እኔ እየጎተትኩት፣ ሻንጣ የያዝኩ መስዬ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ቁርስ መሀል አልፋለሁ። የሣጥኑ ነገር የኔ ነው፣ ውሃ መቅዳት የገርበን። እያማረርኩ አይደለም። ወድጄ የገባሁበት ኑሮ ነው፤ እንዲያውም እሱን እየጎተትኩ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንደጎተትኩት ልናገር። ሃያ ሰባት ዓመት በመንደራችን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሰው ሳጥብና ሳለብስ ኖሬያለሁ። መስኮት አጠገብ የሚቀመጡትን አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ወንበር ይመርጣሉ፣ ከዚያ ትራስ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይነሱም። ጡረታ የወጣሁ ቀን እግሬ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፣ እስከ ዛሬም አልወጣም። አንዱን ዛፍ ለሦስተኛ ጠዋት የማየው ከመሰለኝ ያሳክከኛል።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ላይ ደብዳቤ ገባ። ከመንደራችን የቤቶች ማኅበር የመጣ ነው። ወረቀት ሁሉ የሚደርሰው ልጃችን ኒንከ ዘንድ ስለሆነ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ገርበን ከስምንት ዓመት በፊት ስማችንን ለጡረተኞች ቤት ወረፋ ላይ አስመዝግቦ ነበር፤ ወረፋው ደርሷችኋል ይላል። ሁለት ክፍል፣ ደረጃ የሌለው፣ ትንሽ ጓሮ ያለው። አድራሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊት ለፊቱ ያ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁበት መኖሪያ ነው። እዚያ ከገባሁ የሚቀረኝ መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ከታች ደግሞ፣ "ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ጥሪያችን ነው፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መልስ ካልሰጣችሁን ስማችሁ ከወረፋው ይሰረዛል" ይላል።

ሦስተኛ? አንደኛውንም ሁለተኛውንም አላየሁ። ጽሕፈት ቤቱ ተዝረክርኮ ነው ብዬ ተውኩት። ለገርበን ግን ትንፍሽ አላልኩም። ወረፋውን የያዘው እሱ ነው፣ ከሰማ እሺ ይላል፤ እሱ እሺ ካለ ደግሞ እኔ እምቢ የምልበት ፊት የለኝም፣ አንድ ጊዜ ቤቱን አሽጬዋለሁና። ዓርብ እኩለ ቀን እስኪያልፍ አፌን ከያዝኩ ቤቱም ያልፋል፣ እኔም እድናለሁ። በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር ይህን የሚያህል ነገር ደብቄው አላውቅም። አፈርኩ፣ ግን ዝም አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ስዊድን ውስጥ፣ ቬርምላንድ ከሚባለው አገር፣ ሐይቅ ዳር ካለ ካምፕ ልንነሣ ነው። ሁለት ሌሊታችን ሞልቷል። ታኮዎቹን ከጎማው ሥር አውጥቼ ወደ ቦታቸው ከተትኩ። ገርበን መሪው ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል።

"ዛሬስ ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ ሰሜን።"

"ሰሜን ሰፊ ነው።"

"አንተ ንዳ፣ እኔ እነግርሃለሁ።"

"ዳክዬዋን ሳላያት ልንሄድ ነው። ስድስት ጫጩት ነበራት።"

"ሌላ ዳክዬ እናገኛለን፣ ንዳ አንተ ሰው።"

ነዳ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን በቅጡ አልሄድንም፣ መንገድ ዳር ፖሊስ አስቆመን። ጡረታዋ የተቃረበ የምትመስል፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ሲግብሪት የሚል ስም አለ። ጎማ የሚወጣበት ጠፍጣፋ ሚዛን አስፋልቱ ላይ አንጥፋለች።

"ስንት ትመዝናለች መኪናችሁ?" አለች።

"ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ" አለ ገርበን።

"እሱ የተፈቀደላችሁ ነው። እኔ የጠየቅኩት የምትመዝነውን ነው።"

የምትመዝነውን አናውቅም። በካምፐር የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ መልስ ያገኛል። ሲግብሪት መጀመሪያ የፊቱን ቀጥላ የኋላውን ጎማ አስወጥታ ደመረች።

"ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ትርፍ አላችሁ። ጊደር ጭናችኋል እንዴ?"

"አገራችን የላም አገር ነው፤ ግን ላሞቹን እዚያው ትተናል" አልኳት።

"እንግዲያው ሌላ ነገር አውርዱ፣ እናት። ትርፉ ሳይወርድ ከዚህ አትንቀሳቀሱም። ያ ቀይ ቤት የእህቴ ነው፤ የምታወርዱትን ጋራዧ ውስጥ ታስቀምጥላችኋለች፣ ተመልሳችሁ ትወስዳላችሁ።"

ማውረድ ጀመርን። መጀመሪያ ገርበን ያን ጠዋት የቀዳውን መቶ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቦዩ ውስጥ ለቀቀው። ቀጥሎ ሦስት ጆንያ ድንች ወረደ። የኛ ሰው ከአገር ሲወጣ ድንቹን ይዞ ነው የሚወጣው። ስዊድኖች ድንች እንዳላቸው እናውቃለን፤ የገርበን ወንድም መሬት ላይ የበቀለ ግን አይደለም። ለራት የሚሆን አንድ ሳፋ ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ አሥራ አንድ ማሰሮ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ካርቶን ቡና፣ የታሸገ አተር፣ የማላነበው መጽሐፍ ሁሉ ወጣ።

ሲግብሪት ማሰሮዎቹን ቆጠረች። "ጦርነት ፈርታችሁ ነው?"

"የናንተን ዳቦ ፈርተን ነው። ስኳር ነው የምታቦኩት።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ኪሎ አልቀነሰልንም። እንደገና መዘነችን። "ዘጠና አምስት ቀራችሁ" አለች።

ገርበን የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ አልጋው ሥር ገባ። ቆይቶ አንድ ከባድ የእንጨት ሣጥን እየጎተተ ወጣ። ውስጡ መላጊያዎቹ፣ ውሃ ልኩና የአባቱ ሞርሳ አሉ። ሞርሳው ዕቃ ነክሶ የሚይዝ ብረት ነው፣ የሚታሰርበት ጠረጴዛ ከቤቱ ጋር ተሽጧል። እንደያዘው አውቃለሁ፣ አውቄም እንዳላወቀ ሰው ሆኛለሁ። ሣሩ ላይ አስቀምጦት በእጅጌው አቧራውን ጠረገለት። ይህን ሳይ አዘንኩለት፤ ሳዝን ደግሞ ሥራዬ መቆጣት ነው።

"ሣጥኑ ብቻውን አይበቃም" አልኩት። "ድንኳኑንም አውጣው።"

"ድንኳኑ አይወጣም።"

ድንኳኑ በካምፐሩ በር ላይ ተጣብቆ የሚተከል፣ ከነብረቱ ሠላሳ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ነው። ሲተከል አንድ ክፍል ይጨምራል። አንድ ቀን እንኳን ተክለነው አናውቅም።

"ገርበን፣ የሱቁ ወረቀት እንኳን ከከረጢቱ ላይ አልተላጠም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ የአባትህን ሞርሳ ጥለህ ይህን ጨርቅ የምትሸከመው ምን ሆነህ ነው?"

ሲግብሪት ጥዶቹን ማየት ጀመረች።

"ለመትከል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል" አለ። "ለመንቀል አንድ ሰዓት። ለሁለት ሌሊት ማን ይተክለዋል? ምናልባት አንድ ቀን ሦስተኛ ቀን የደረስን እንደሆነ ብዬ ነው።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። አሥራ አራት ወር ሙሉ አልጋችን ሥር ምን ተሸክመን እንደምንዞር ያን ጊዜ ገባኝ። ደነገጥኩ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉ በላይ ተናደድኩ። አንድ ቀን "ደክሞኛል" ቢለኝ ምን ነበር? አፍ የለውም?

"ሲግብሪት፣ ሰውም ይመዘናል?" አልኳት።

"መኪናው ላይ ያለ ሁሉ ይመዘናል።"

"እኔ ብወርድስ? ከነብስክሌቴ።"

"ስንት ኪሎ ነዎት?"

"ስልሳ ስምንት።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ገርበን። "ሰባ ነሽ።"

ካምፐሩ ኋላ የታሰረው ባለ ባትሪ ብስክሌቴ ሃያ ስድስት ኪሎ ነው። ሲግብሪት ደመረችና፣ "አንድ ኪሎ ጎደላችሁ" አለች። ጫማዬንና ሹራቤን ጨምሪ አልኳት፣ ጨመረች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በክብደቴ ደስ አለኝ። ሣጥኑን ከገርበን ጋር አንሥተን መለስነው። ካምፐሩ ያለ እኔ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ልክ ሆነ።

"ወዴት ልንዳ?" አለኝ ገርበን፣ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ።

ያን ጊዜ ያልኩትን ለምን እንዳልኩት አላውቅም። የወጣሁበት ቦታ ተመልሼ አላውቅም።

"ዳክዬዋ ጋ ተመለስ። እዚያ ጠብቀኝ" አልኩት።

መንገዱ ዳገት አለው። በመኪና ዳገት መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር ገርበንን ስሰድብ ጨረስኩት፤ ግንድ አልኩት፣ ድፍን አልኩት፣ በፍሪስኛም ሌላ ነገር አልኩት። ካምፐሮች ከፊት ለፊቴ እየመጡ ያልፉኛል። ካምፐር የሚነዱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እጅ ያነሣሉ፣ ማንም ይሁን ማን። እኔም ልማድ ሆኖብኝ እጄን አነሣሁ። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ብስክሌት ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ ነኝ፣ ማን ያውቀኛል?

ስድቡ ሲያልቅብኝ ደብዳቤው ብቻ ቀረ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይነካኛል። ገርበን እሺ ይላል ብዬ የፈራሁት ሰውዬውን ጠይቄው አይደለም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ወዴት እንሂድ እንጂ ምን ትፈልጋለህ ብዬው አላውቅም። ከፈለገ ይበል። እዚያ መስኮት አጠገብ የሚያስቀምጠኝም ከሆነ ያስቀምጠኝ፣ ግን ሰርቄው አልኖርም። እንዲህ ብዬ ወሰንኩና ከዚያ በኋላ ቀሪውን መንገድ በፍርሃት ነዳሁ።

ስደርስ ካምፐሩ ጠዋት በተነሣበት ቦታ ቆሟል፣ ታኮው ገብቷል። ድንኳኑ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ገርበን አንዱን ረጅም ብረት አቁሞ ይዟል፣ ሌላው ወድቋል። ይህ ድንኳን በአንድ ሰው አይተከልም።

"ያንን ያዢልኝ" አለ።

ብስክሌቱን ጣልኩና ያዝኩ። ጨርቁ በመሀላችን ተነሣ። ካስማው ገና አልተመታም፤ አንዳችን ብንለቅ ሁሉም በላያችን ላይ ነው። መንገር ካለብኝ አሁን ነው አልኩ፤ እኔም አልሸሽ፣ እሱም አይሄድ።

"ገርበን፣ ደብዳቤ መጥቷል። የመንደሩ ቤት ደርሶናል። ሰኞ ነው የመጣው፤ ደበቅኩህ።"

"አጥብቀሽ ያዢ፣ ንፋስ አለ።"

"ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ። ሦስተኛው ነው።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ሁለቱን የመለስኳቸው እኔ ነኛ። ኒንከ ደወለችልኝ፣ አይፈልጉም በያቸው አልኳት። በሦስተኛው ግን 'ሰለቸኝ አባ፣ የናንተን ምስጢር አልሸከምም፣ ይሄንን ለእማ ነው የምልከው' አለችኝ።"

"ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለህ? ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብለህ ስታየኝ ነበር?"

"አንቺስ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብለሽ ስታዪኝ አልነበር?"

ብረቱን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ።

"ለምን መለስካቸው?" አልኩት።

"የመጀመሪያውን ላንቺ ብዬ። አንድ ሳምንት ተናድጄ ነበር። አላየሽኝም፣ ካርታ ታዪ ነበር።" ብረቱን ወደ ትከሻው አስጠጋ። "ሁለተኛውን ለራሴ ብዬ።"

"ለራስህ?"

"አርባ ዓመት የሰው ቤት ጠገንኩ። ቤት አያስቀምጥም፣ ቪትስከ። ጣሪያው ሲያልቅ በሩ፣ በሩ ሲያልቅ ወለሉ። እዚህ ግን ቢበላሽ ቢበላሽ ግማሽ ቀን ነው ሥራዬ። ከዚያ በኋላ ተቀምጬ ሐይቅ ማየት እችል ነበር።" ወደ ሐይቁ አየ። "ግን አንቺም አታስቀምጪም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳን አልነበረኝም። እሱ አላባበለኝም። ካስማውን እስኪመታ ብረቱን እንድይዝለት ብቻ ነገረኝ፣ ያዝኩለት። እስክንጨርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እጄ ታኮዎቹን ፈለገ። ከተመለስን ሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ የመጸዳጃውን ሣጥን ወሰድኩ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ባዶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ድንች ላጥኩ፣ ከሚበቃው በላይ ላጥኩ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ስልኩን አውጥቼ ጻፍኩ፤ "አመሰግናለሁ፣ ቤቱን አንወስደውም።" ገርበን ሞርሳውን ከካምፑ የእንጨት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስሮ የካምፑን ሽንት ቤት መዝጊያ ማጠፊያ ይሞርዳል።

"አንዳችን ብንታመምስ?" አልኩት። "ስናረጅስ?"

"ካምፐሯን ኒንከ ግቢ እናቆማታለን። ጠይቄያታለሁ።"

"ምን አለች?"

"ሣሬ ላይ አይሆንም አለች።"

ሳቅኩና ስልኩን ሰጠሁት። "አንተ ላከው።"

"ሁለቱን እኔ ብያለሁ። ይሄኛው ያንቺ ነው" አለና ወደ ሞረዱ ተመለሰ።

ላክሁት። ዓርብ እኩለ ቀን ካለፈ እድናለሁ ብዬ ነበር። አለፈ። ቤቱም ሄደ። እግሬ ግን እንደነበረ ነው፤ ከኋላዬ የሚከተለኝ ነገር እንደሌለ እሱ ገና አልሰማም። ተነሣሁ፣ ወደ ጎማው ሄድኩ፣ ታኮውን አየሁት። ገርበን አየኝና መሞረዱን ቀጠለ። አንዲት ቃል ቢናገር መኪናውን አስነሥቼ ነበር፤ ይህን እሱም ያውቃል መሰለኝ።

ዳክዬዋ ከሸምበቆው ወጣች። ጫጩቶቿ ተከትለዋታል።

"አምስት ናቸው" አልኩ። "ስድስት አላልክም?"

"ስድስተኛው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።"

"ይመጣል?"

"ትላንት መጥቷል። ግን ይቆያል፤ መጠበቅ አለብሽ።"

ሸምበቆውን አየሁ፣ ምንም የለም። ቆሜ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። በመጨረሻ አንዱን ወንበር ወደ ድንኳኑ አፍ ስቤ ተቀመጥኩበት። ትራስ ግን አልጠየቅኩም።